የሚፈራውና የማይፈራው፦ ልቡ ታሞ ስለተወለደ ልጅ

ከ100 ሕፃናት አንዱ ገደማ ልቡ ላይ አንዳች ጉድለት ይዞ ይወለዳል። አገር ቢለያይም ቁጥሩ ብዙ አይራራቅም። ኢትዮጵያ ውስጥ በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ልጆች ስለሚወለዱ፣ ከ30,000 የማያንስ ቤት በየዓመቱ ይህ ይገጥመዋል ማለት ነው። ከነዚህ ልጆች ሩብ ያህሉ ገና ዓመት ሳይሞላቸው ቀዶ ጥገና ወይም ሌላ ከባድ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ናቸው።

ይህን ያህል ቤት የገባ ጉዳይ ወሬ አያጣም። አራስ ልትጠይቅ የመጣችው ጎረቤት የምትለው አላት፤ አማትም አላቸው፤ ታክሲ ውስጥ አጠገብ የተቀመጠው ሰው እንኳ ዝም አይልም። ከሚባለው ገሚሱ ለልጁ የሚጠቅምም የሚጎዳም አይደለም። የሚያስከፋው ቤተሰቡ የማይፈራውን ሲፈራ የሚፈራውን መርሳቱ ነው። «ካለቀሰ ልቡ ይቆማል» ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ልጁን አቅፎ የሚያድር ወላጅ አለ፤ ያው ወላጅ ግን ሕፃኑ ጡት በያዘ ቁጥር ግንባሩን ለምን እንደሚያልበው ሳይጠይቅ ወራት ያልፋሉ።

«እርጉዝ ሳለች ደንግጣ ነው»

መጀመሪያ የምትከሰሰው እናት ናት። ደንግጣ፣ ተጣልታ፣ ከባድ ዕቃ አንሥታ፣ አምሮቷን ሳታገኝ ቀርታ። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ቡዳና ሾተላይ ይነሣል።

የፅንስ ልብ መምታት የሚጀምረው በ22ኛው ቀን አካባቢ ነው። ክፍሎቹ ተለያይተው፣ በሮቹ ተበጅተው፣ ትልልቆቹ የደም ሥሮች ቦታ ቦታቸውን ይዘው ሥራው በአብዛኛው የሚያልቀው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ብዙ ሴት ማርገዟን ገና ያላወቀች ወይም ገና የጠረጠረች ናት። በሰባተኛው ወር የሆነ ጠብ ወይም ድንጋጤ ቀድሞ ተሠርቶ ያለቀ ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ሊከፍት አይችልም።

የሚታወቁ ምክንያቶችስ? አሉ። በእርግዝና መጀመሪያ የያዘ ሩቤላ፣ ከእርግዝናው በፊት ጀምሮ ያልተቆጣጠሩት የስኳር ሕመም፣ አልኮል፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠውን ቫልፕሮዬት የመሳሰሉ መድኃኒቶች ይጠቀሳሉ። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ የልብ ችግርም አለባቸው። ስለዚህ ስኳር ወይም የሚጥል በሽታ ያለባት ሴት ልጅ ስታስብ ሐኪሟን ቀድማ ብታማክር ትርፍ አለው፤ መድኃኒቷን ግን በራሷ ፈቃድ ማቆም የለባትም፤ እሱ ሌላ አደጋ ነው።

ከዚህ ውጪ በአብዛኞቹ ልጆች ላይ ምክንያቱ ተለይቶ አይገኝም። «አይታወቅም» የሚል መልስ ለሐኪሙ ቀላል ነው፤ ለወላጅ ከባድ ነው፤ ሰው ባዶውን ቦታ በአንዳች ነገር መሙላት ይፈልጋል። ይሁንና ያን ባዶ ቦታ በእናትየው ጥፋት መሙላት ከሐሰትነቱ ባሻገር ጉዳትም አለው። እየተወቀሰች ያለች ሴት የልጇን ሕመም ትደብቃለች፤ የደበቀችው ሕመም ደግሞ ሳይታከም ይቆያል።

«ሲወለድ ደህና ነበር፤ ብርድ መቶት ነው»

ይህን የምትል እናት የመጀመሪያው አረፍተ ነገሯ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ለምን እውነት እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል።

በብዛት የሚታየው ጉድለት በልብ የታችኛዎቹ ሁለት ክፍሎች መካከል ያለ ክፍተት ነው። ሌላው በማኅፀን ሳለ ደሙን ከሳንባ አሳልፎ የሚወስደው አጭር የደም ሥር ከተወለደ በኋላ ሳይዘጋ ሲቀር ነው። ይህኛው እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ በሚወለዱ ልጆች ዘንድ ከቆላው ይልቅ ይበዛል። በሁለቱም ዓይነት ደም ወደ ሳንባ ከመጠን በላይ ይፈስሳል። ግን በተወለደበት ሳምንት አይደለም። የአራስ ልጅ የሳንባ ደም ሥሮች ገና ጠበብ ያሉ ስለሆኑ ደሙን ይገቱታል። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ እየሰፉ ሲመጡ ነው ጎርፉ የሚጀምረው። ክርስትና ሳይነሣ ደህና የነበረው ልጅ ከዚያ በኋላ መድከም ይጀምራል።

ምልክቱ ደረት ላይ እጅን ማስያዝ አይደለም፤ ሕፃን አይናገርም። ጥቂት ጠብቶ ያርፋል፣ ያለከልካል፣ ግንባሩንና ጭንቅላቱን ያልበዋል፣ ደክሞት ይተኛል፣ ወዲያው ተርቦ ይነቃል። ክብደቱ አይጨምርም። ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ልጁ ተረጋግቶ ወይም ተኝቶ ሳለ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠር። ከሁለት ወር በታች ላለ 60 እና ከዚያ በላይ፣ እስከ ዓመቱ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከዚያም እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ይየው። ሳንባው በደም ስለተጨናነቀ ኢንፌክሽን ይደጋግመዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ ደጋግሞ የሳንባ ምች ተብሎ አንቲባዮቲክ የተሰጠው ልጅ፣ ኤኮ የተባለው የልብ አልትራሳውንድ ሊነሣለት ይገባል። ሐኪሙ ካላነሣው ወላጅ ይጠይቅ፤ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ሁለተኛው ወገን «ሰማያዊ» የሚባሉት ልጆች ናቸው፤ ኦክስጅን ያላገኘ ደም ወደ ሰውነታቸው ይቀላቀላል። የሕክምና መጽሐፉ ሰማያዊ ይበል እንጂ በእኛ ቆዳ ላይ እንደ ሥዕሉ አይታይም። ምላስ፣ ድድ፣ የከንፈር የውስጥ ጎን በቀን ብርሃን ይታይ። ብርድ የእጅና የእግር ጣቶችን ሊያጠቁር ይችላል፤ ምላስን ግን ብርድ አያጠቁረውም። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በጣም ይረዳል፤ ሆኖም ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ አንዳንድ ጊዜ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ እንደሚያነብ ጥናቶች አሳይተዋል። «መሣሪያው ደህና ነው አለ» የሚለው የልጁን ምላስ ላለማየት ምክንያት አይሆንም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቤት ውስጥ ምን ይደረጋል? አንዳንዱ እንጥል ያስቆርጣል፤ አንዳንዱ ግግ ያስወጣል፤ ቅቤ የሚያውጥም አለ። ለማንኛውም ሕፃን አደገኛ የሆነው ነገር ልቡ ለታመመው ይብስበታል። አፍ ውስጥ የተከፈተ ቁስል ለጀርም በር ነው፤ ደም ውስጥ የገባ ጀርም ደግሞ ደም በኃይል በሚገጨው የልብ የውስጥ ሽፋን ላይ ተጣብቆ ይራባል። በደም ሥር በሚሰጥ አንቲባዮቲክ ሳምንታት የሚወስድ፣ አንዳንዴም የሚገድል ኢንፌክሽን ነው። ስለ ልጁ ጥርስ መቦረሽ «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል» የሚል ወላጅም ይህንኑ ያስብ። ጥርስ ሲነቀል አስቀድሞ መድኃኒት መውሰድ የሚያስፈልጋቸው ልጆች ስላሉ የጥርስ ሐኪሙም የልቡን ነገር ማወቅ አለበት።

«ቀዳዳው ሲያድግ ይደፈናል»

ከሁሉ በላይ የምፈራው ይህን አባባል ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው።

በታችኞቹ ክፍሎች መካከል ያለ ትንሽ ክፍተት፣ በተለይ በጡንቻው መሐል ያለው፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በራሱ ይደፈናል። ጎረቤት ያወራችለት ልጅ እንዲህ ድኖ ይሆናል። ሐኪም በማዳመጫው የሰማው የልብ ድምፅ ሁሉም በሽታ አይደለም፤ ከጤነኛ ልጆች በርካታዎቹ በአንድ ወቅት እንዲህ ያለ ድምፅ ይሰማባቸዋል፣ ከዚያም ይጠፋል። እንዲህ ላለው ልጅ መድኃኒትም ክልከላም አያስፈልግም።

ትልቁ ክፍተት ግን አይጠብቅም። ሳንባው በኃይል የሚመጣበትን ደም ለመቋቋም የደም ሥሮቹን ግድግዳ እያወፈረ፣ እያጠበበ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ አታላይ ነገር ይከሰታል፦ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ስለሚቀንስ ልጁ የተሻለው ይመስላል። ትንፋሹ ይረጋጋል፣ ማላቡ ይቀራል፣ ወፈር ይላል። ቤተሰቡ «አላልናችሁም?» ይላል። ቀጠሮው ይቀራል። ከዓመታት በኋላ ያ ልጅ ደረጃ ሲወጣ ከንፈሩ እየጠቆረ ይመጣል፤ የሳንባው ግፊት ከሰውነቱ ግፊት በልጦ ደሙ በተቃራኒ መፍሰስ ጀምሯል። በዚያ ደረጃ ቀዳዳውን መድፈን ልጁን ሊገድለው ይችላል። በሕፃንነቱ ይጠገን የነበረ ልብ ከዚያ በኋላ መጠገን አይችልም።

ስለዚህ «ትንሽ ጠንከር ይበል፣ ይወፍርና ይሠራለታል» የሚለውም አይሠራም። ትልቅ ክፍተት ያለው ልጅ የማይወፍረው ምግብ ስላነሰው ብቻ አይደለም፤ የበላውን የሚያቃጥለው ልቡና ትንፋሹ ነው። ብዙዎቹ ክብደት የሚጨምሩት ከተጠገኑ በኋላ ነው። ዳውን ሲንድረም ባለባቸው ልጆች የሳንባው ለውጥ ይፈጥናል። የእነሱ የተለመደ ጉድለት፣ ማለትም በልብ መሐል ያለው ሰፊ ክፍት ቦታ፣ በራሱ አይዘጋም፤ ጥገናውም ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት አካባቢ ይታቀዳል። «እሱ ላይ ምን ያደርግላችኋል» የሚል ሰው ካለ፣ ካርዱን ይዞ መሄዱ የተሻለ መልስ ነው።

«ልብ ተቀዶ የሚድን የለም፤ ካለም ውጭ አገር ነው»

ቦስተን ውስጥ ቀዶ ሐኪሙ ሮበርት ግሮስ ያልተዘጋውን የደም ሥር በአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ላይ የቋጠረው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። በ1944 ደግሞ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ውስጥ ሄለን ታውሲግ ያሰበችውን ቀዶ ጥገና አልፍሬድ ብላሎክ «ሰማያዊ» በሆነች ሕፃን ላይ ሠራው። ዘዴውን በላቦራቶሪ አጥንቶ ያበጀው፣ በቀዶ ጥገናውም ጊዜ ከብላሎክ ኋላ ቆሞ የመራው፣ የሕክምና ዲግሪ ያልነበረው ጥቁር የላቦራቶሪ ባለሙያ ቪቪየን ቶማስ ነበር። አሥር ዓመት ቆይቶ ሚኒሶታ ውስጥ ዋልት ሊሌሄይ የሠራውን ግን ለወላጆች መንገር ደስ ይለኛል፦ በወቅቱ አስተማማኝ የልብና የሳንባ ማሽን ስላልነበረ ወላጁን ከልጁ ጎን አስተኝቶ፣ የልጁን ደም በወላጁ ሰውነት እያዞረ ልቡን ከፍቶ ጠገነ። 45 ልጆች በዚህ መንገድ ተሠሩ፤ ከግማሽ በላዩ ድነው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ዛሬ ማሽኑ አለ፤ ሕክምናው በተሟላባቸው አገሮች ከልብ ጉድለት ጋር ከሚወለዱ ልጆች እጅግ አብዛኞቹ ለአካለ መጠን ይደርሳሉ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት የሚሠራውን በጎ አድራጎት ድርጅት ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ለዓመታት ሥራው ልጆችን ወደ ውጭ መላክ ነበር። ከተቀባዮቹ አንዱ በ1995 በዶክተር አሚ ኮኸን የተመሠረተው፣ እስራኤል ሆሎን ከተማ በሚገኘው ዎልፍሰን ሆስፒታል የሚሠራው «የሕፃን ልብ እናድን» የተባለ ድርጅት ነው። በ2009 ግን የልብ ማዕከል በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ተከፈተ። ሁሉም ደረት ተከፍቶ አይሠራም፤ ያልተዘጋው የደም ሥር ብዙ ጊዜ ብሽሽት ላይ ባለ የደም ሥር በኩል በገባ ቀጭን ቱቦ ይደፈናል፤ ልጁም ከጥቂት ቀናት በላይ አይተኛም።

ወረፋው ግን ተረት አይደለም። የሚጠብቁት ልጆች በሺዎች ይቆጠራሉ፤ ይህንን በማጽናኛ ቃል መሸፈን ሐቀኝነት አይሆንም። ወላጅ ማድረግ የሚችለው በጊዜ መመዝገብ፣ ስልክ ሲቀየር ማስመዝገብ፣ ቀጠሮ አለማጓደል፣ ልጁንም ለጥሪው ዝግጁ አድርጎ ማቆየት ነው። ስንት ጊዜ ተጠብቆ የመጣ ተራ በጉንፋን ወይም በበሰበሰ ጥርስ ምክንያት ይተላለፋል።

«አታስለቅሱት፣ አይሩጥ፣ አትቆጡት»

ከጡት እንጀምር። «መጥባት ያደክመዋል፤ በጡጦ ይሁን» ይባላል። ጡት በመጥባትና በጡጦ በመመገብ ጊዜ የሕፃናቱን ኦክስጅን የለኩ ጥናቶች ያገኙት የተገላቢጦሹን ነው፦ ጡት ሲጠቡ ኦክስጅናቸው የተሻለ ይጸናል። በጣም የሚደክመው ልጅ ቶሎ ቶሎ፣ ጥቂት ጥቂት ይጥባ፤ የተረፈው ታልቦ በማንኪያ ወይም በቱቦ ይሰጠው። የአብሽ ውኃ የጡትን ቦታ አይተካም።

ክትባት ደግሞ ለዚህ ልጅ ይበልጥ ያስፈልጋል። ጤነኛውን ልጅ ለሁለት ሳምንት የሚያስለው ነገር ይህንን ሆስፒታል ያስገባዋል። በሽታን ከመከላከል አቅም ጋር በተያያዘ ጥቂት ልጆች ላይ የሚዘገዩ ክትባቶች አሉ፤ ያንን ሐኪሙ ይናገራል፤ ጎረቤት አይወስንም።

ልቅሶና ሩጫ ላይ ስንመጣ፣ አብዛኞቹ ልጆች ሲደክማቸው ራሳቸው ያርፋሉ። መሮጥ፣ መዝለል፣ ኳስ መምታት ለብዙዎቹ የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን የሚጠቅም ነው። የሚከለከሉም አሉ፦ ከልብ የሚወጣው ዋናው የደም በር በጣም የጠበበባቸው፣ የልብ ጡንቻቸው ያለ ልክ የወፈረባቸው፣ አንዳንድ የምት መዛባት ያለባቸው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ልጅም መጋጨት ካለበት ጨዋታ ይራቅ። ሐኪሙን «ምን ይከልከል?» ብቻ ብሎ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ ነው፤ «ምን ይፈቀድለት?» የሚለውም ይጠየቅ፣ መልሱም ለአስተማሪው ይነገር።

ልቅሶ በእርግጥ የሚያሰጋበት ሕመም ግን አለ፤ ዋነኛው ከ«ሰማያዊዎቹ» ወገን የሆነው፣ ፋሎ የሚባለው ነው። በዚህ ሕመም ልጁ ካለቀሰ፣ ከነቃ ወይም ከተጣጣረ በኋላ ድንገት በጣም ሊጠቁር፣ ትንፋሹ ሊፈጥንና ሊዝለፈለፍ ይችላል። ያኔ ልጁን አቅፎ፣ ጉልበቶቹን ወደ ደረቱ አጥፎ መያዝ፣ አለመደንገጥ፣ ቶሎ ወደ ሕክምና መውሰድ ነው። ከፍ ያለው ልጅ ይህን ሳይማር ያውቀዋል፤ ሲጫወት ቆይቶ ድንገት ቁጢጥ ይላል። «ሰነፍ» የሚሉት አሉ፤ ልጁ ግን ለሳንባው ደም እያገኘለት ነው። ሰማያዊ ለሆነ ልጅ ተቅማጥም ከሌላው ልጅ ይልቅ ያስፈራል፤ ፈሳሹ ሲያልቅ የወፈረው ደሙ አንጎል ውስጥ ሊረጋ ይችላል። ኦ.አር.ኤስ እየሰጡ ሳይውል ሳያድር ማሳከም ነው። «ደሙ ብዙ ነው፣ ደም ማነስ አይዘውም» የሚለውም ያታልላል፤ የቀይ ደም ሴሎቹ ቁጥር በዝቶ ብረት የጎደለው ልጅ አለ፤ በምርመራ ይለያል።

መቆጣትን በተመለከተ፣ ሕመም ያለበት ልጅም ባለጌ መሆን ይችላል። የፈለገው ሁሉ የሚሰጠው፣ እኅቶቹና ወንድሞቹ ስለ እሱ ሲሉ ሁልጊዜ የሚለቁለት ልጅ፣ ልቡ ከተጠገነም በኋላ ራሱን እንደሚሰበር ብርጭቆ ማየቱን አይተውም።

«ጠበል ከጀመረ መድኃኒት አይቀላቀልም»

ጠበል መውሰድ የቤተሰቡ እምነት ነው፤ ጉዳቱ የሚመጣው መድኃኒት ሲቋረጥ ነው። ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ይኸው ጥያቄ በተነሣ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ እንደሆኑና እንደማይቃረኑ በአደባባይ ተናግረዋል። ልቡ ለደከመ ሕፃን ላሲክስ ወይም ካፕቶፕሪል የተባለው መድኃኒት ለጥቂት ቀናት መቋረጡ ሳንባውን በውኃ ሊሞላው ይችላል። ሰማያዊ የሆነውን ልጅ ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መንከርም ከላይ የተባለውን መጥቆር ሊያመጣበት ይችላል፤ አጥማቂውን አስረድቶ በጥቂቱ መረጨት ይቻላል። የአዋቂ ክኒን ተፈጭቶ ለሕፃን ሲሰጥ ደግሞ መጠኑን ፋርማሲስቱ በሲሪንጅ ለክቶ ያሳይ፤ ልጁ ክብደት በጨመረ ቁጥርም መጠኑ ይታይ።

«ተሠራለት፤ አለቀ»

ያልተዘጋ የደም ሥር በወቅቱ ተዘግቶለት እንደ ማንም ሰው የሚኖር አለ። ፋሎ የተጠገነለት ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ሳንባ የሚወስደው በር ያፈሳል፤ ከዓመታት በኋላ አዲስ በር ሊያስፈልገው ይችላል፤ እስከዚያ ምንም ላያመው ይችላል። ክትትሉ የዕድሜ ልክ ነው። የቀዶ ጥገናውን ወረቀት ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ ይገባል፤ ልጁ አድጎ ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ሲሄድ አዲሱ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ሴት ልጅ ከሆነች «አታገባም፣ አትወልድም» የሚለው ቀድሞ ይመጣል። የተጠገነላቸው ብዙዎቹ ይወልዳሉ። እርግዝና ለሕይወታቸው አስጊ የሚሆንባቸውም አሉ፤ ቀዳሚዎቹ ሳይታከሙ ቆይተው የሳንባቸው ግፊት የጨመረባቸው ናቸው። ስለዚህ ምክሩ ከእርግዝናው በፊት ይሁን።

ወላጆቹ ራሳቸው ሌላ ልጅ ሲያስቡ የሚፈሩት «ይኸኛውም እንዲያ ይሆን?» ብለው ነው። አንድ ልጅ እንዲህ ከተወለደ በኋላ የሚቀጥለው ላይ የመደገሙ ዕድል ከ100 ከ2 እስከ 5 ገደማ ነው፤ ከሌላው ቤተሰብ ከፍ ያለ፣ ግን 95 ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት ደህና የሚወለዱበት ነው። ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የፅንሱ ልብ በአልትራሳውንድ በደንብ ሊታይ ይችላል፤ ለክትትል የምትሄድ እናት የመጀመሪያ ልጇን ታሪክ በካርዷ ላይ ታስጽፍ። ከባድ ጉድለት ከታየ ምጡ የልብ ሐኪም በሚደረስበት ሆስፒታል እንዲሆን ይታቀዳል፤ አንዳንዱ ሕፃን በሕይወት የሚቆየው በማኅፀን ሳለ የሚሠራው ያ አጭር የደም ሥር እንዳይዘጋ የሚያደርግ መድኃኒት በተወለደ በሰዓታት ውስጥ ሲጀመርለት ነውና።